ያልተቆጠሩት

«አንጎል እኮ ጥፍር አይደለም፣ ቢቆረጥ መልሶ አይበቅልም። የሞተው ሞቷል፤ ምን እናድርግ!» አለ አጎትየው ሻዩን እያማሰለ። ነገሩን ክፉ ያደረገው ቃሉ አይደለም፤ ሆስፒታል ውስጥ ከዚህም የከፋ ተሰምቷል። ክፉ ያደረገው፣ አንጎሉ ሞተ የተባለው ሰው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ክርኑ የአጎትየውን ክርን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ በግራ እጁ ዳቦ እየቆረሰ ተቀምጦ መሆኑ ነው። ሰው እንዲህ የሚያወራው ስለ ቁም ሣጥን ነው። ይሄ ቁም ሣጥን አርጅቷል፣ ቦታ ይዟል፣ ይውጣ ቢባል ቁም ሣጥኑ ቅር አይለውም።

በሩ ሥር ጎንበስ ብላ ጫማዋን የምታስረው የታማሚው ሴት ልጅ ይህን ስትሰማ እጇ ክሩ ላይ ቀረ። ቀና ብላ አባቷን አየችው። አባቷን ሰፈሩ ሁሉ «ራዲዮ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት የጀመረውን ወሬ ማታ ሲዘጋ ነው የሚያቆመው፤ መብራት ቢጠፋ ራዲዮ አይጠፋም እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ለመቆረጥ ሳይሆን ለመስማት ብቻ የሚመጡ ጡረተኞች ነበሩት፤ አግዳሚ ወንበሩን ይዘው ሲስቁ ይውላሉ። ከጥቂት ወራት በፊት ግን፣ የአንድ ደንበኛ ፀጉር ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ፣ አንድ ቀልድም ገና መሀሉ ላይ ሳለ፣ ቶንዶሱ ከእጁ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ምላሱ ተሳሰረ። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ መልስ ልስጥ ሲል ግን ቃሉ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥቶ እዚያው ይቀራል። የዚያን ቀልድ መጨረሻ እስከ ዛሬ የሰማ የለም።

«ሰውየው ዛሬ ማታ ይመጣል» አለ አጎትየው ወደ ልጅቷ እናት ዞሮ። «ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። የሱቁን ቁልፍ እንሰጠውና እንገላገል። አከራዩ እንደሆነ ዝግ ሱቅ አልፈልግም፣ ወይ ክፈቱ ወይ ልቀቁ ብሏል። እኔ ምን ጠላሁ? ወንድሜ ቆሞ ቢሠራ የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ።» እውነቱን ነው፤ ወንድሙን ይወዳል። ከሆስፒታል የወጣ ቀን በጀርባው አዝሎ ደረጃውን ያወጣው እሱ ነው። ፍቅሩ ግን የሚጣደፍ ፍቅር ነው፤ ችግር ያየ እንደሆነ ቶሎ ካልተዘጋለት እንቅልፍ አይወስደውም። እናትየዋ የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ልብስ ላይ በጣቷ እየለቀመች መዳፏ ላይ ታጠራቅማለች።

ያኔ ራዲዮ ዳቦውን አስቀመጠ። ግራ እጁን ትንሽ ከፍ አድርጎ አፉን ከፈተ። ከጉሮሮው አንድ ረጅም ድምፅ ወጣ፤ ገና መልክ ያልያዘ፣ ግን ወደሆነ ነገር የሚሄድ ድምፅ። «ስኳር አንሶት ነው» አለች እናትየዋ። «የለም፣ ደክሞታል፤ ጋደም ይበል» አለ አጎትየው። «ውሃ ነው! ውሃ ፈልጎ ነው» አለች ልጅቷ፣ አንዱ ጫማዋ ሳይታሰር ወደ ኩሽና እየሮጠች። በዚህ በኩል እሷን የሚስተካከላት የለም። እናቷ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «እሷ እኮ አፉን ሳይከፍት ነው የምታውቅለት» እያለች ታወራላታለች፤ እሷም በልቧ ትኮራበታለች። ብርጭቆውን ሞልታ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ራዲዮ ብርጭቆውን አየው። ከዚያ እሷን አያት። ቀጥሎም፣ ባለቤቶቹን ላለማሳፈር እንደሚጠጣ እንግዳ፣ ውሃውን ጭልጥ አደረገው። ያንን አስተያየቱን ይዛ ነው ከቤት የወጣችው። የፈለገው ውሃ ካልነበረ ታዲያ ምን ነበር?

ጥያቄው መንገድ ለመንገድ አብሯት ሄደ። የአባቷ ሱቅ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የብረት መዝጊያው አቧራ ለብሷል፤ አንድ የቸገረው ሰው አቧራው ላይ በጣቱ «ኧረ የት ጠፋህ?» ብሎ ጽፎበታል። አጠገቡ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ባለቤት፣ ደብተሮቿን በር ላይ እየደረደረች፣ «ራዲዮ እንዴት ነው?» አለቻትና መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች። «ማዶ የተከፈተው ፀጉር ቤት እንደሆነ ዋጋውን ሰማይ ሰቅሎታል። ይገርምሻል፣ ባሌ ትናንት ተቆርጦ ሲመጣ አንዱ ጆሮው ከሌላው ከፍ ያለ መስሎ ታየኝ! ለራዲዮ ሰላም በይልኝ፤ በይ አይርፈድብሽ።» ልጅቷ ሳቀች። አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ስትል ግን ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ፤ ሴትዮዋ ጠይቃ መልስ አልጠበቀችም። አጎቷም አይጠብቅም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እንዲህ ነው እንዴ? መልሱን እየሰጠ?

የምትሠራው አንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ውስጥ ባለ ላብራቶሪ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚታየው የሰው ጫማ ብቻ ነው። ሥራዋን ለሰው ስትናገር ሰው ይስቃል፤ የአይጥ አንጎል ትቆጥራለች። በማደንዘዣ ተኝተው አንዲት ትንሽ የአንጎል ደም ሥራቸው የተዘጋባቸው አይጦች አሉ። አንጎላቸው ከወረቀት በሳሱ ቁራጮች ተቆራርጦ፣ ስላይድ በሚባል ስስ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይመጣላታል። እሷ በሚያበራ ማቅለሚያ ትነክረዋለች፣ በማይክሮስኮፕ ታየዋለች፣ በጉዳቱ ዙሪያ የተረፉትን የነርቭ ሕዋሳት ትቆጥራለች። ባልደረቦቿ «ቆጣሪዋ» ብለው ሰይመዋታል፤ መብራት በተቋረጠ ቁጥር እሷን ጠይቋት እያሉ ይሳለቁባታል። እሷ ሥራዋን ትወደዋለች። የሚቆጠር ነገር አይዋሽም ብላ ታምናለች።

አንጎል ውስጥ ግን ከነርቭ ሕዋሳት ሌላ ሕዋሳትም አሉ። ግሊያ ይባላሉ፤ ስሙ ሙጫ እንደ ማለት ነው። የድሮ ሊቃውንት እነዚህን ሕዋሳት ሲያዩ ዋናዎቹን አጣብቆ ከመያዝ ያለፈ ሥራ ያላቸው አልመሰላቸውም። ላብራቶሪው ውስጥም በዚያው ልማድ «ሙጫዎቹ» ይባላሉ፤ የጥናቱ ጥያቄ ስለ ነርቮቹ ስለሆነ ሙጫዎቹን ቆጥሯቸው የሚያውቅ የለም። ማቅለሚያ ግን አላቸው፤ ከነርቮቹ ማቅለሚያ ጋር አንድ ፍሪጅ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ትናንሽ ብልቃጦች ይቀመጣል። ብርዱ የብልቃጦቹን ጽሑፍ እያጠፋ ሲያስቸግራቸው ቆጣሪዋና የሥራ ጓደኛዋ ማንበቡን ትተው በቦታ ተስማሙ፤ የመደርደሪያው ግራ የነርቭ፣ ቀኙ የሙጫ። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባለፈው የዕረፍት ቀን የፍሪጁ በረዶ እንዲሟሟ ተደረገ፤ መደርደሪያው ሲመለስ ፊቱን ዞሮ ገባ። የሥራ ጓደኛዋ ፈቃድ ላይ ናት። ቆጣሪዋ ደግሞ ትናንት አጎትየው ስለ ሱቁ እየደጋገመ ሲደውልባት ስለዋለ፣ ስላይዶቹን ስትነክር እጇ እዚህ፣ ልቧ እቤት ነበር። ከግራ አንስታ ነክራ አሳደረቻቸው።

ዛሬ ጠዋት አጥባ፣ አዘጋጅታ፣ ዓይኗን ወደ ማይክሮስኮፑ ስታስጠጋ ክው አለች። የምትጠብቀው የለመደችውን ነው፤ ዳር ላይ ክብ ክብ ነጠብጣቦች፣ ወደ ጉዳቱ ሲጠጉ እየሳሱ፣ እየሳሱ፣ በመጨረሻም ጨለማ ጉድጓድ። አሁን ግን ነጠብጣብ የሚባል የለም። በጉድጓዱ ዙሪያ ብዙ እግር ያላቸው፣ ኮከብ የሚመስሉ ሕዋሳት በአረንጓዴ ብርሃን እየነደዱ ተኮልኩለዋል። እጃቸውን አንዱ በሌላው ላይ ጥለው ጉዳቱን ከበውታል። ጨለማ ነው ብላ ባለፈችው፣ «ባዶ» ብላ በመዘገበችው ቦታ ሁሉ ሕዝብ አለ። መጀመሪያ ያሰበችው ጥፋቷን ነው፤ እነዚህ ናሙናዎች ምትክ የላቸውም። ወዲያው ተነስታ ለአለቃዋ መናገር ነበረባት። አልተነሳችም። ቀጥሎ ያለውን ስላይድ አስገባች፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። እነዚህ ሁሉ እዚህ ነበሩ? እስከ ዛሬ በቆጠርኩት በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ? ሻይ ሰዓት አለፈ፣ እሷ ከወንበሯ አልተነቃነቀችም።

አለቃዋ አጠር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬን ያያችሁ የምትል ዶክተር ናት። ቆጣሪዋ ክፍሏ ስትገባ መሳቢያዋን ከፍታ ደረቅ ብስኩት እየበላች አገኘቻት።

«ዶክተር፣ ጉድ ሠርቻለሁ» አለች ቆጣሪዋ። «የነርቩን ትቼ በሙጫው ማቅለሚያ ነክሬያቸዋለሁ።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

የዶክተሯ ፊት ጠቆረ። ብስኩቷን ወርውራ መሳቢያውን በጉልበቷ ዘጋችው። «አንቺ! ሌላ ሰው ቢሆን አይደንቀኝም፣ አንቺ እንዲህ ታደርጊያለሽ?» እያለች ኮሪደሩን በሩጫ ወረደች። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ ስታይ ግን ቁጣዋ ቀስ በቀስ ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ በጀርባዋ በኩል እንኳ ይታይ ነበር። ከዚያ፣ ቆጣሪዋ እንዳላየችው ሁሉ፣ «ነይማ፣ ነይ እዪ!» አለች። «ወይ ጉድ! አጥር ሠርተዋል እኮ። ደም የተቋረጠበት ቦታ መሞት ሲጀምር እነዚህ ኮከብ መሳዮች ይሰባሰቡና ዙሪያውን ያጥሩታል። አጥሩ ባይኖር ጉዳቱ ወደ ጤነኛው ይዛመታል። እዚህ ያልቀለሙ ሌሎችም አሉ፤ የሞተውን እየበሉ የሚያጸዱ፣ የነርቩን ረጅም ክር ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ በሽፋን የሚጠቀልሉ።»

«ታዲያ ለምን ሙጫ ተባሉ?»

«የሚጮኸውን ነዋ የምንሰማው! ነርቮቹ ኤሌክትሪክ ይልካሉ፣ መሣሪያችንም ይሰማቸዋል። እነዚህ ለዚያ መሣሪያ ዝም ያሉ ናቸው። ዝም ያለው ሥራ የለውም ተባለ፣ አለቀ።»

ቆጣሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትፈራት የነበረችውን ሴት አሁን እንደ እኩያዋ በጥያቄ ታጣድፋት ጀመር። የሞተውን ነርቭ መልሰው ያበቅሉታል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዶክተሯ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። በአዋቂ አንጎል ውስጥ የሞተ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ እንደሞተ ይቀራል አለቻት፤ አይጥ ላይ አንዳንዶቹ ኮከብ መሳዮች ራሳቸው ወደ ነርቭነት ለመለወጥ ሲሞክሩ አየን የሚሉ አሉ፤ ግን ገና ክርክር ነው፣ ሰው ላይ ከሆነ ደግሞ ማንም አያውቅም። የሚታወቀው፣ የተረፉት ነርቮች በሌላ በኩል ዞረው መንገድ ሲፈልጉ ሙጫዎቹ መንገዱን እንደሚጠርጉላቸው ነው። ደግሞም አንዳንዴ እንደሚዘጉባቸው።

«ይዘጋሉም?» አለች ቆጣሪዋ ደንግጣ።

«በክፋት መሰለሽ? መጀመሪያ ላይ ያዳነው ያው አጥር ሲቆይ ማለፍ ለሚፈልገው እንቅፋት ይሆናል የሚሉ አሉ። የለም፣ እስከ መጨረሻውም ይጠቅማል የሚሉም አሉ።»

«ታዲያ መቼ መክፈት እንዳለባቸው በምን ያውቃሉ?»

«እሱን ባውቅ ኖሮ ምድር ቤት ተቀምጬ ደረቅ ብስኩት አልበላም ነበር» አለች ዶክተሯ። ሁለቱም ሳቁ።

ቆጣሪዋ ግን አልጠገበችም። ሽፋን የሚጠቀልሉትስ የትኛውን ክር መጠቅለል እንዳለባቸው ማን ይነግራቸዋል አለች። ዶክተሯ መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አውርዳ በጋውኗ ጫፍ ትወለውል ጀመር። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ነገር አለው፤ አንዱ ግን ሥራው ራሱ ነው። መልእክት የሚመላለስበትን ክር ይመርጣሉ። ሲጠቀለል ደግሞ መልእክቱ ይፈጥናል። ዝም ያለውን ብዙ ጊዜ ያልፉታል።» ይህን ተናግራ የልጅቷን ፊት አየችና ድምፅዋን ለወጠች። «ስሚ። ስለ አባትሽ እያሰብሽ ከሆነ፣ ያየሽው አይጥ ነው። እኔም ሐኪም አይደለሁም፣ ተስፋ አልሸጥልሽም።»

«ገብቶኛል፣ ዶክተር።» ገብቷታልም። አባቷ አይጥ አይደለም፣ እናቷና አጎቷም ሕዋስ አይደሉም። ነገር ግን ዕድሜዋን በመቁጠር የኖረች ሰው ናትና የጠዋቱን ጠረጴዛ በሐሳቧ መልሳ አስቀመጠችና ቆጠረችው። አባቷ አንድ ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሦስት ሰው አፉ ውስጥ ቃል ጨመረበት። ስኳር፣ እንቅልፍ፣ ውሃ። ከሆስፒታል ሲወጣ የንግግር ባለሙያዋ «ጊዜ ስጡት» ብላቸው ነበር። እነሱ እቤት ገብተው የተረጎሙት ይረፍ፣ አታስቸግሩት፣ አታናግሩት ብለው ነው። ጡረተኞቹ ወዳጆቹ ሊጠይቁት ሲመጡ እንኳ ይደክመዋል እያሉ ከበር ይመልሷቸው ነበር። ከሁሉም ፈጣኗ ደግሞ እሷ ናት። አፉን ሳይከፍት የምታውቅለት እሷ ናት። ሆድ ባሳት፤ ዕንባዋ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደሚያልፉት ጫማዎች አዞረች። ለቅሶው ውስጥ ግን አንድ ሌላ ነገር እየተፍጨረጨረ ነበር። ባትሞላለትስ ምን ይሆን? ዝም ብላ ብትጠብቀው፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይመጣል? ይህን ቤት ውስጥ የሞከረው የለም።

ዶክተሯ ስላይዶቹ በሙሉ በጥንቃቄ እንዲቀመጡ አዘዘች፤ «ነገ ቁጭ ብለን እንቆጥራቸዋለን፣ እነሱንም» አለች። «ብልቃጦቹ ላይ ግን በፈጣሪ ይዤሻለሁ፣ ጻፊባቸው።» ቆጣሪዋ ጻፈችባቸው፤ ፈቃድ ጠይቃም ቀደም ብላ ወጣች።

እቤት ስትደርስ እናቷ ኩሽና ድንች ትልጣለች። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ለብቻው ያወራል። ዘጋችው። ወንበሯን ከፊቱ አድርጋ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ጠዋት አጎቴ ሲያወራ አንድ ነገር ልትል ነበር። ውሃ አልነበረም አይደል?» ራዲዮ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ምን ነበር?» አለችና ዝም አለች።

ዝም ማለት እንዲህ ከባድ ነው ብላ አስባ አታውቅም። አባቷ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ግንባሩ ተኮማተረ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። በእሷ ምላስ ላይ ቃላት ሰልፍ ይዘዋል፤ ሱቁ ነው? ቁልፉ ነው? አጎቴ ላይ ተናደህ ነው? አንዱን ብትጥልለት ይገላገላል፣ እሷም ትገላገላለች። ከንፈሯን ነከሰች። «ቴሌቪዥኑ ይከፈትልኝ ነው የሚልሽ» አለች እናቷ ከኩሽና። «እማዬ፣ ተዪው እስቲ።» እናትየዋ ቢላዋዋን እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ልጄ! ሲጨነቅ አይታይሽም? እኔ እንዲህ ሲሆን ማየት አልችልም፣ አንጀቴን ይበላኛል» አለች፤ ዓይኗም ዕንባ አቀረረ። ለካ እናቷ ስኳር ስኳር የምትለው ለዚህ ነው። ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለራሷም ነው። ልጅቷ ለእናቷ አዘነች። ዓይኗን ግን ከአባቷ አፍ ላይ አላነሳችም።

«ረ...» አለ ራዲዮ። ቆመ፣ ተነፈሰ። «ረ... ሳ...» ግራ እጁ ጉልበቱን ይመታል። «ረሳ... ሁት።»

ረሳሁት! ልጅቷ አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ ሳቅ አመለጣት። አባቷም ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ አልታመመም፣ የድሮው የሱቁ ሳቅ ነው፣ ደረጃው ድረስ የሚሰማው። እናትየዋ ቢላዋውን እንደያዘች «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። «ረሳሁት አለ፣ እማዬ! ጠዋት ሊል የነበረውን ረስቶታል።» እናትየዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ከስንት ጊዜ በኋላ ባሏ በራሱ አፍ አንድ ሙሉ ቃል ተናገረ፤ እሱም ረሳሁት ሆነ። ሳትወድ በግድ ሳቀች።

ደስታው ሳይረግብ በሩ ተንኳኳ። አጎትየው እንግዳውን ይዞ ገባ። እንግዳው ጎልማሳ ነው፤ ፀዳ ያለ ሸሚዝ ለብሷል፤ ዕድሜውን በሰው ሱቅ፣ በሰው ወንበር ላይ ሲቆርጥ የኖረና የራሴ የሚለው ቦታ የሚፈልግ ፀጉር አስተካካይ ነው። ለራዲዮ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ በአክብሮት እጅ ነሳ፤ ከዚያ ግን እንደ ሁሉም ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ወደ አጎትየው ዞሮ ተቀመጠ። ወሬው ተጀመረ፤ ውሃው ይመጣል ወይ፣ መስታወቱ አልተሰነጠቀም ወይ፣ አከራዩ ምን ዓይነት ሰው ነው። አጎትየው እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቆጣሪዋ ቁልፉን አየችው። ያ ቁልፍ ከጠረጴዛው ከተነሳ አባቷ ከዚህ መስኮት ሥር የሚነሳበት ምክንያት የለውም፤ ይህን በደንብ ታውቃለች።

ራዲዮ ግራ እጁን አነሳና አፉን ከፈተ።

«ደክሞት ነው» አለ አጎትየው እጁን ወደ ቁልፉ እየሰደደ። እናትየዋ «ስኳ...» ብላ ጀምራ ራሷ አቆመችው። «አጎቴ» አለች ልጅቷ። «ይጠብቁት። አልጨረሰም።»

«ምኑን ነው የሚጨርሰው? አልጀመረም እኮ።»

«ጀምሯል። እባክዎ።»

አጎትየው በረጅሙ ተነፈሰ፣ ሰዓቱን አየ፣ እግሩን አነባበረ፣ መልሶ አወረደ። ክፍሉ ውስጥ የኩሽናው ድስት ሲንተከተክ ብቻ ይሰማል። እንግዳው የሚያደርገው ጠፍቶት ወለሉን ያያል። ማጅራቱ ለራዲዮ ፊት ለፊት ነው።

«ማ... ማን... ነው...» አለ ራዲዮ። ሁሉም ቀና አሉ። «እን... ዲህ... የቆረ... ጠህ?»

የእንግዳው እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ማጅራቱ ሄደ። ጣቱ አንዱን ጎን ዳሰሰ፣ ሌላውን ዳሰሰ፤ እኩል አይደለም። ፊቱ ቀላ። «ኧረ ጋሼ፣ ምን ላድርግ» አለ ሳቅ እያፈነው፣ ወንበሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ራዲዮ አዙሮ። «ባልንጀራዬ ነው የቆረጠኝ። የኛ ሥራ እኮ ለራስ አይሆንም!» እናትየዋ በሽርጧ አፏን ይዛ ተንፈቀፈቀች፤ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አይታወቅም። አጎትየው አልሳቀም። ጣቶቹ ቁልፉ ላይ እንዳሉ ቀርተዋል፤ ወንድሙን የሚያየው ከረጅም መንገድ የተመለሰ ሰው በር ላይ ድንገት እንዳገኘ ነው።

«ወንድምዬ» አለው በመጨረሻ። ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር፤ ከታመመ ጀምሮ በቀጥታ ሲጠይቀው ይህ የመጀመሪያው ነው። «ሱቁን... ምን ይሻላል ትላለህ?»

ቆጣሪዋ አሁን የምር ፈራች። አባቷ ስጡት ቢልስ? ድካሙን የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ካለ እሷም መቀበል አለባት፤ መጠበቅ ማለት ይኼም ነው። ራዲዮ ጭኑ ላይ የተኛውን ቀኝ እጁን አየው። ከዚያ የእንግዳውን ሁለት እጆች አያቸው፤ ጤነኞች ናቸው፣ ሥራ የለመዱ ናቸው። ማንም ሰዓት አላየም።

«መቁ... ረጡ...» አለ። አረፈ። በግራ እጁ ጣት እንግዳውን አመለከተ። «መቁረጡ... በሱ።»

ራዲዮ ጣቱን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ደረት መለሰው። ዓይኑ ውስጥ አንድ የቆየ ተንኮል ብልጭ ብሏል።

«ወሬ... ው...»

እንግዳው ሳቁ አሸነፈው። የቀረውን ሊሞላለት አፉን ሲከፍት አጎትየው ክንዱን ለቀም አደረገው።

«ቆይ እስቲ» አለው። «ወንድሜ እያወራ ነው።»